ጠብ እንዳይል

«አደራህን ፈንታው፤ ጠብ እንዳይል!» አሉ እትዬ ሀጀራ ከጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆመው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የኅዳር ውርጭ ከቆርቆሮው አጥር ላይ ገና አልለቀቀም፤ እሳቸው ግን እንደ ሰርግ ቤት ሰው ፊታቸው ፈክቶ መጥተዋል። «ልጄ ያኔ ስትሄድ ዘይት የነካባትን ነጭ ሻሽ እስከ ዛሬ አልረሳችውም እኮ። በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የኔን አፊያ አይደለም፤ 'ያቺ መኪና አሁንም ታንጠባጥባለች?' ነው የምትለኝ። ዘንድሮ እንኳ አታሳፍረኝ። ወላሂ አልለቅህም!» ፈንታው ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበርና የሚያየው እግራቸውን ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ጫማና ትናንት የተቀባ ሂና። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከላይ የደረቀ ጭቃ ረግፎ ገባበትና ሳል ያዘው። በዕድሜው ጭቃን ሲያመሰግን ይህ የመጀመሪያው ነው። «እሺ እትዬ» አለ ሳሉ ሲለቀው፣ «አብሽሩ።» ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ፊቱ ጋለ። ዛሬ ለኚህ ሴት አብሽሩ፣ ደስ ይበልዎ፣ ይባላል? እግሮቹ ዞረው ሄዱ፤ እሱ ግን መፍቻውን ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

መካነ ሰላም ላይ ከእትዬ ሀጀራ በስተቀር ነገሩን ያልሰማ አልነበረም። ዐረብ አገር በሰው ቤት ሥራ አራት ዓመት የቆየችው ልጃቸው ኡምኩልሱም ሞታለች። ወሬው ከሦስት ቀን በፊት በስልክ የተነገረው ለሰፈሩ መስጊድ ሼህ፣ ለሼህ ሙሐሲን ነው። ወረቀቱ ልቧ ቆመ ይላል አሉ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ልብ ለምን እንደቆመ ግን የጻፈ የለም፤ ጠይቆ መልስ የሚያገኝም የለም። ጀናዛው፣ አስከሬኗ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ገብቶ ነገ ረፋድ ላይ ደሴ ይደርሳል። እናት ደግሞ መርዶ የምትረዳው በሥርዓቱ ነው፤ ሽማግሌዎች ማልደው ገብተው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገቧ ቀርቦ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም። ከተማው በዚህ ሥራ የሠለጠነ ነው፤ ዐረብ አገር ልጅ ያልላከ ቤት ስለሌለ ስንቴ ተለማምዶታል። የፈንታው ሚስት ብዙዬ እንኳ፣ ጨው ባጣች ቁጥር እትዬ ሀጀራ ቤት ትሮጥ የነበረችው ሴት፣ ሦስት ቀን ሙሉ በጓሮ በር ስትወጣ ስትገባ ከርማለች። ነገሩን ያበላሹት አባትየው ናቸው። ጋሽ አህመዲን መኪናዋን ከግቢያቸው ጥድ ሥር አስገፍተው ሲያስወጡ ሚስታቸው «ምን ልትሆን ነው?» ቢሏቸው፣ ለቅሶ እደርስባታለሁ ማለት ሲችሉ፣ ልሸጣት ነው ማለት ሲችሉ፣ «ኡምኩልሱም በዕረፍት ልትመጣ ነው፤ ደሴ ሄጄ ላመጣት» ብለው ዐረፉት። በኋላ ፈንታው «ምን ነካዎት ጋሼ?» ቢላቸው፣ «ሌላ ውሸት አሰናድቼ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ጠፋብኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሀጀራ ቤት ሲያስለቀልቁ፣ ፍራሽ ሲያስገዙ፣ ሂና ሲቀቡ ሦስት ቀናቸው። ስልኳ አይነሳም ሲሉ መንገድ ላይ ሆና ነው ተባሉ፤ ኔትወርኩም የታወቀ አመል ስላለው አመኑ።

ሰው ሁሉ ጋሽ አህመዲንን ሚኒባስ በኮንትራት ይያዙ ብሎ መክሯቸዋል። አንዱ ሾፌር ሬሳ አልጭንም ቢል ሌላው አይጠፋም ነበር። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «በዚችው መኪና ወስጄ የሸኘኋት እኔ ነኝ፤ የምመልሳትም እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ንግግር የላቸውም። መኪናዋ ላንድሮቨር ናት፤ ከፈንታው በዕድሜ ብታንስ ጥቂት ነው። ሚኒባስ ወደዚህ ደጋ ሳይወጣ በፊት ከወረኢሉ እስከ ማሻ ሙሽራውንም አራሷንም ስታመላልስ የኖረች፣ አንድ ዘመን ቅጠልያ ነበረች የሚባልላት። አሁን ከጥዱ ሥር ቆማ በየጁምዓው ለአመሏ ያህል ትነሳለች። ችግሯ ዘይት ነው፤ የቆመችበትን መሬት ሁሉ ታጠቁራለች። ያኔ ኡምኩልሱምን ይዘው ደሴ ሲሄዱ አምስት ቦታ ቆመው ዘይት ጨምረውላታል። ለተሳፋሪ ቦታ እንዲተርፍ ተብሎ እናት ከቤት ቀሩ፤ ልጅቷ ከኋላ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ተጣብቃ፣ የዘይቱን ጀሪካን በሁለት እግሯ መሃል ይዛ ተጓዘች፤ ሻሿም የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። ነገ ጀሪካን የሚይዝ የለም። ከደሴ ሲመለስ አቀስታ አናት ላይ ዘይት አልቆ ሞተሩ ቢነክስና ቢቆም አባት ልጁን ከኋላ ጭኖ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ያለፈ ያገደመውን ሊለምን ነው። ፈንታው ይህን አስቦ ሌላ ሥራውን ሁሉ መልሷል። ጠብ አትልም ብሎ ለራሱ ምሏል።

ዘይቱን አፍስሶ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት፣ እነሱ ኮፓ የሚሉትን፣ ፈትቶ አወረደ። በቋቱና በሞተሩ መካከል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጓርኒሲዮን ከምን እንደተሠራ እንኳ አይለይም። ከሱ በፊት እጁን ያስገባ ሁሉ በላዩ ላይ ሲልከን የሚሉትን ማጣበቂያ ደፍቶበት፣ ቡሎኑን ባለ በሌለ ጉልበቱ ጠምዝዞት ሄዷል። ዘይት ሲያዩ ማጥበቅ ነው የሚቀናቸው። ጠብቆ ጠብቆ የቋቱ ከንፈር ቡሎን ባለበት ሁሉ ይጎብጣል፤ ዘይቱ በጎበጠው በኩል ይወጣል፤ ሲወጣ እንደገና ያጠብቁታል። ፈንታው ቅርፊቱን በምላጭ ፋቀ፤ በቤንዚን አጠበ፤ ከንፈሩን በባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ አስተኝቶ በትንሿ መዶሻ ቀስ እያለ አቃናው። ከዚያ በመስኮት መስታወት ላይ ደፍቶ በሥሩ ብርሃን ይሾልክ እንደሆነ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ሁለቴ ሾለከ፤ ሁለቴ ወደ ጉማጁ መለሰው። እጄ ሲሠራ ሐሳቤ ያርፋል ብሎ ነበር። አላረፈም። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሳይሞላት እዚህ በር ላይ ተቀምጣ የቡሎን ጭንቅላት በመጠን በመጠኑ ትደረድርለት ነበር፤ አሥራ ሦስት ቁጥር ስጪኝ ሲላት አትሳሳትም።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ አህመዲን አዲስ ዘይት ተሸክመው መጡ። ሊትሩ ስምንት መቶ ብር ገብቷል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ባለሱቁን ከነዘር ማንዘሩ ሳይሰድቡ አይቀመጡም ነበር። ዛሬ ደንጊያው ላይ ቁጭ ብለው የፈንታውን እጅ እጅ ያያሉ። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ካርቡራተር፣ ስለ ጎማ፣ ስለ መንገድ ሲያወሩ ኖረዋል፤ አሁን ምን ይባላል? ለቅሶው ገና ስላልወጣ «ያጥናዎት» ማለት አይቻልም። እንዳልሰማ ሆኖ መጫወትም አይቻልም። ፈንታው ምላጩን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን መልሶ ጠረገ።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «አንቱ ራስዎ ይንገሯቸው። ዛሬውኑ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲሯሯጡ ማየት...»

«ሥርዓት አለው ፈንታው።»

«ሥርዓቱማ አለ። ግን ሂና ተቀብተዋል እኮ።»

ጋሽ አህመዲን ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ ትንሽ ቆይተው መልሰው ደፉት። ስትሄድ አልከለከልኳትም የሚል ነገር ያጉተመተሙ መሰለው፤ ድገሙት ለማለት ግን አንጀት አጣ።

የሞተሩ የጎን ክዳን ሌላ ጣጣ ነበረበት። ለቋቱ ጓርኒሲዮን የሚሆን ቡሽ ፈንታው አስቀምጦ ነበር፤ ለጎን ክዳኑ ግን ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ወረቀት ያስፈልጋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከደሴ የሚመጣው ወረቀት ከሱቅ ከጠፋ ወር አልፎታል። የብስኩት ካርቶን ሞከረ፤ ሆዱ ባዶ ነው፣ ዘይት ይጠጣል። ይህንኑ ለጋሽ አህመዲን ሲነግራቸው እትዬ ሀጀራ ትኩስ ቂጣ በቅቤ ለውሰው ለሁለተኛ ጊዜ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ሰሙ። ቂጣውን አስቀምጠው ተመለሱ፤ ቤታቸው ከጋራዡ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላምና ወዲያው ነጭ የጫማ ካርቶን ይዘው መጡ። ፈንታው ዳበሰው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ልስልስ፣ ልክ የሚፈለገው ነው። ምነው ባልሆነ ብሎ ተመኘ።

«ጫማው የሷ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ቁጥር» አሉ። «ከዐረብ አገር የምትመጣ ልጅ ጫማ ታጣለች ወይ እንዳትለኝ። እናት የገዛችው ይለያል። ካርቶኑ ምን ይሠራላታል፤ እንካ ቁረጠው። ለሷው አይደል?»

ጋሽ አህመዲን ብድግ ብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈ የድሮ ማስታወቂያ የሚያነቡ መሰሉ። ፈንታው ካርቶኑን ተርትሮ ክዳኑ ላይ አነጠፈውና በመዶሻው ክብ ጫፍ ዳር ዳሩን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ወረቀቱ በብረቱ ጠርዝ እየታተመ፣ እየሳሳ፣ በራሱ ይቆረጣል፤ መቀስ አይነካውም። እትዬ ሀጀራ ከአናቱ ቆመው ያያሉ። ዶሮ ነገ ጠዋት ይታረድ ወይስ ከደረሰች በኋላ እያሉ ይማከሩታል። ከስታ ይሆን ወይስ ወፍራ እያሉ ይጠይቁታል። እያንዳንዱ የመዶሻ ምት ላይ እሱ «እ» ይላል። ሲሄዱለት ቁራጮቹን ሰብስቦ ወደ ቆሻሻው ሊጥል ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ተብሎ የተጻፈባትን ቁራጭ ግን መጣል አቃተውና ኪሱ ከተታት።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሼህ ሙሐሲን መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገውን ነገሩ፤ ጋሽ አህመዲን ጎሕ ሲቀድ ይነሳሉ፤ እነሱ ሱብሒ ሰግደው እንደጨረሱ ሰባት ሆነው ቤት ይገባሉ፤ ሴቶቹ ተነግሯቸዋል። ከዚያ ጀናዛው የተቀመጠበት ሳጥን ሁለት ሜትር ነው መባሉን ተናገሩ። ሦስቱም ወደ መኪናዋ ጀርባ ዞሩ። የላንድሮቨር የኋላ ወንበር ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተገጠሙ ረጃጅም አግዳሚዎች፤ በመሃላቸው የሚተርፈው ቦታ የሰው ጉልበት ቢያስገባ ነው። ጋሽ አህመዲን ገመድ አምጥተው ከበሩ እስከ ሾፌሩ ወንበር ጀርባ ለኩ። ልጃቸውን በሕፃንነቷ ለቀሚስ ጨርቅ እንኳ ለክተዋት አያውቁም፤ አሁን በገመድ። ፈንታው ምንም ሳይባል መፍቻውን አንሥቶ ገባ። አራት ቡሎን እዚህ፣ አራት ቡሎን እዚያ። ሁለቱን አግዳሚዎች አጥሩን አስደግፈው አቆሟቸው። መኪናዋ ውስጥ የቀረው ዝገት የበላው ባዶ ቆርቆሮ ነው።

እትዬ ሀጀራ ምሳ ይዘው የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ትሪውን ተሸክመው በሩን በክርናቸው ገፉ፤ ሁለት እርምጃ ገብተው ቆሙ። አጥሩን የተደገፉትን ወንበሮች አዩ፤ መኪናዋን አዩ፤ ሼሁን አዩ።

«ወንበሮቹስ?» አሉ።

«ሻንጣዋ ብዙ ነው ሲሉ ሰምተን...» አለ ፈንታው፤ ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። ውሸቱን የነገራቸው ሠላሳ ዓመት የሾፌር ሚስት ሆነው ለኖሩ ሴት መሆኑ ትዝ ያለው ከተናገረ በኋላ ነው። የላንድሮቨር ሻንጣ የሚጫነው ጣራ ላይ ነው። ሙሽራ ሲጫን ወንበሩ አይፈታም፤ እህል ሲጫንም፣ በሽተኛ ሲጫንም አይፈታም። ለምን ሲሆን እንደሚፈታ እትዬ ሀጀራ በዚችው መኪና ሁለት ጊዜ አይተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ባላቸው ሲመለሱ ውሃ አሙቀው ወለሉን ያጠቡ እሳቸው ናቸው። ትሪውን አስቀመጡ፤ ማስታጠቢያውን አንሥተው ተራ በተራ እጅ አስታጠቧቸው። ፈንታው ዘንድ ሲደርሱ ውሃው እጁን ስቶ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። «ብሉ» ብለው ወጡ።

«አላወቀችም» አሉ ጋሽ አህመዲን። «አልሀምዱሊላህ» አሉ ሼሁ። ፈንታው እርጥብ ጉልበቱን አየ። ማንም ምሳውን አልነካም፤ ሼሁም ብዙ ሳይቆዩ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ሥራ ፈንታው እንደዚያ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። ቡሽና ካርቶኑን ዘይት ቀብቶ አስቀመጠ፤ ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣቱ ብቻ አስገባቸው። ከዚያ ከመሃል ጀምሮ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከማዶ እያደረገ ሩብ ሩብ አዞራቸው፤ ቡሹ ጥቂት ነፋ ሲል መፍቻውን አቆመ። አንድ ዙር ልጨምርበት የሚል አመል አለ፤ እጁ ላይ መጣ፤ መለሰው። ዘይቱን ሞላ፤ ጋሽ አህመዲን ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ሁለቴ አጉረምርማ ተነሣች። ፈንታው ታጥቦ የነጣ የዱቄት ከረጢት ከሥሯ አነጠፈና ሞተሩ እየሠራ ጠበቁ። ሩብ ሰዓት። ግማሽ። ጋለች፤ ከኋላዋ ጭሷን ለቀቀች፤ ከረጢቱ እንደነጣ ነው። አንድ ሰዓት ሞላ። ሠላሳ ዓመት ያንጠባጠበች መኪና አንዲት ጠብታ አልጣለችም። ሌላ ቀን ቢሆን ፈንታው ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ኑ እዩ ይል ነበር። አሁን ትዝ ያለችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ በስልክ ቢነግራት ሰምታ ትስቅ የነበረችው ኡምኩልሱም።

ጥላው ከአጥሩ ሥር ሲረዝም፣ ሞተሩ ገና ሳይጠፋ፣ እትዬ ሀጀራ መጡ። አዲሱን ፍራሽ ከነላስቲኩ በአናታቸው ተሸክመዋል። ባላቸው ሊቀበሏቸው ቢነሡ አለፏቸው። ፍራሹን መኪናዋን አስደግፈው መሬት ላይ ተንበረከኩ፤ ከረጢቱን ተመለከቱ፤ እጃቸውን ከሞተሩ ሥር አስገብተው ዳበሱና መዳፋቸውን አወጡት። ሂናው ብቻ ነው ያለው።

«ደረቅ ነው» አሉ። «እጅህ ይባረክ ፈንታው።»

ተነሥተው የፍራሹን ላስቲክ በጥርሳቸው ቀደዱት። በኋላው በር በኩል አስገቡት፤ ቆርቆሮው ላይ ዘረጉት፤ ጥጉን በመዳፋቸው እየተጫኑ አስተካከሉት። ሁለቱ ወንዶች ቆመው ያያሉ።

«ቆርቆሮው ይቀዘቅዛታል» አሉ ጀርባቸውን ሰጥተው። «አቀስታ ላይ ብርድ ነው።»

ጋሽ አህመዲን «ሀጀራ» አሉ። ከዚያ ሰው ሲሞት የሚባለውን «ኢና ሊላሂ...» ብለው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ተሰበረና ቆመ። እትዬ ሀጀራ ዞረው እያዩዋቸው «ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ጨረሱላቸው። አልጮሁም። ጮኸው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለጩኸት ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደግፎ የሚይዘውም ተመርጦ ነበር።

«ሦስት ቀን» አሉ ባላቸውን። «ሦስት ቀን ሙሉ እየሳቅሁ ስዞር አየኸኝ።»

«እንዴት ብዬ...»

«ነገ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ። እኔ ቤት የለሁም።» ወደ ፈንታው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አንዱን ወንበር መልሰው።»

«እትዬ?»

«ያኔ ለሰው ቦታ ይተርፋል ብላችሁ አስቀራችሁኝ። ከኋላ ብቻዋን ጀሪካን ታቅፋ ሄደች። አሁን ከጎኗ ነው የምቀመጠው። ለሳጥኑ አንድ ወገን ይበቃል፤ ለካው።»

ፈንታው በገመዱ ለካ። ይበቃል። ጋሽ አህመዲን መንገዱ ከባድ ነው፣ ብርዱ አይቻልም ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግን ሄደው የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዙ። ፈንታው ሌላውን ያዘ። ወደ ቦታው መለሱትና እሱ ውስጥ ገብቶ፣ ፍራሹን በዘይት እጁ እንዳይነካ አንድ ጎኑን አጥፎ፣ ቡሎኖቹን ማሰር ጀመረ። ሦስቱን አጠበቀ። አራተኛው ላይ ዐይኑ ውሃ ሞላና የቡሎኑን ጭንቅላት ማየት አቃተው፤ መፍቻው ሁለቴ ሸሸው፤ ኪሱ ውስጥ ያለችው የካርቶን ቁራጭ ጭኑን ወጋችው። ከዚያ ሂና የተቀባ እጅ ከጎኑ መጣና መፍቻውን ወሰደ። እትዬ ሀጀራ ጎንበስ ብለው ቡሎኑን አጠበቁት፤ ወደየት እንደሚዞር፣ የቱ ጋ እንደሚቆም ያውቃሉ። ወንበሩን በሁለት እጃቸው ነቀነቁት። አልተንቀሳቀሰም።

ወጥተው የሚሄዱ መስሎት ፈንታው ከመኪናዋ ወርዶ ቦታ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ነው እኮ የምንነሣው» አሏቸው ጋሽ አህመዲን። እትዬ ሀጀራ የታጠፈውን የፍራሹን ጎን ዘርግተው እጃቸውን በባዶው ላይ አሳረፉ፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚጠብቅ ሰው። ሞተሩ አሁንም እየሠራ ነበር። ፈንታው በፊት በር በኩል ዞሮ አጠፋላቸው።